ካሮቲኖይድ የያዘውን የብርሃን ኃይል ለክሎሮፊል የሚያቀብለው እንዴት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የመማሪያ መጽሐፉ ካሮቲኖይዶች ክሎሮፊል በደንብ የማይወስደውን ብርሃን ወስደው ለክሎሮፊል ያስተላልፋሉ ብሎ ያልፋል። ተማሪዎቼ ግን ‹ያስተላልፋሉ ሲባል እንዴት አድርገው ነው?› ብለው ያዙኝ። ብርሃኑን ተቀብሎ መልሶ ያበራለታል? ወይስ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል? እውነቱን ለመናገር ለእኔም ግልጽ አልሆነልኝም።»

መምህር፣ ተማሪዎችዎ የያዙዎት ዋናው ቦታ ላይ ነው። መልሱ ሁለቱም አይደለም የሚል ነው። ካሮቲኖይዱ፣ ማለትም ቢጫና ብርቱካናማው የዕፅዋት ቀለም፣ ለአረንጓዴው ቀለም ለክሎሮፊል ብርሃን አያበራለትም፣ በዚህ ሥራው ኤሌክትሮንም አይሰጠውም። የሚያልፈው ኃይሉ ብቻ ነው። ካሮቲኖይዱ ይረጋል፣ በዚያው ቅጽበት አጠገቡ ያለው ክሎሮፊል ይነቃቃል፤ በመካከላቸው የሚመላለስ ምንም ነገር የለም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ግን መጽሐፉ የማይነግርዎትን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ካሮቲኖይድ ብርሃን በመውሰድ ረገድ እጅግ ጎበዝ ነው፣ የወሰደውን ኃይል ይዞ በመቆየት ረገድ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የቀረው ታሪክ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ጠባዩ ነው።

ከሞለኪውሉ እንነሳ። አብዛኞቹ ካሮቲኖይዶች 40 ካርቦን ያላቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። በሰንሰለቱ መሐል ነጠላና ድርብ ቦንዶች እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን የድርብ ቦንዶቹ ኤሌክትሮኖች አንድ ካርቦን ላይ ታስረው አይቀመጡም፣ በሰንሰለቱ ርዝመት ሁሉ ይንሸራሸራሉ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር እነዚህን ኤሌክትሮኖች ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል እያነሰ ይሄዳል፣ የሚወሰደውም ብርሃን ከወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴው እየተጠጋ ይመጣል። ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ-ካሮቲን የተፈራረቁ 11 ድርብ ቦንዶች አሉት፤ በቅጠል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሉቲን 10፣ ቫዮላዛንቲን ደግሞ 9። እነዚህ ሁሉ የሚወስዱት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ነው፤ ለዓይናችን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሆነው የሚታዩት ሰማያዊውን ስለሚውጡት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሞለኪውል ብርሃን ሲወስድ ከረጋ ደረጃው ወደ ተነቃቃ ደረጃ ይወጣል። የረጋውን ደረጃ ኤስ-0፣ የመጀመሪያውን የተነቃቃ ደረጃ ኤስ-1፣ ሁለተኛውን ኤስ-2 እንበላቸው። ክሎሮፊል ቀይ ብርሃን ሲወስድ ወደ ኤስ-1 ይወጣል፤ ሰማያዊ ሲወስድ ደግሞ ከዚያ በላይ። ካሮቲኖይድ ግን ከኤስ-0 ተነስቶ በብርሃን ወደ ኤስ-1 መውጣት አይችልም ማለት ይቻላል። የሚወጣው በቀጥታ ወደ ኤስ-2 ነው። ምክንያቱ የሞለኪውሉ ሲሜትሪ ነው፦ ብርሃን ኤሌክትሮንን ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ የሚያሸጋግረው የሁለቱ ደረጃዎች ሲሜትሪ ሲለያይ ሲሆን፣ የካሮቲኖይድ ኤስ-1 እና ኤስ-0 ግን አንድ ዓይነት ሲሜትሪ ነው ያላቸው። ስለዚህ ኤስ-1 አለ፣ ኃይል ይይዛል፣ ለብርሃን ግን በሩ ዝግ ነው። የመስኩ ሰዎች ጨለማው ደረጃ ይሉታል።

በተለመደው የብርሃን መለኪያ ስለማይታይ ለረጅም ጊዜ መኖሩን የጠረጠረ አልነበረም። በ1972 ብሩስ ሃድሰንና ብራያን ኮህለር ከካሮቲኖይድ አጠር ባለ ተመሳሳይ ሞለኪውል ላይ ሲለኩ ደረሱበት፤ በዚያው ዓመት ክላውስ ሹልተንና ማርቲን ካርፕለስ ለምን እንዲህ እንደሚሆን በስሌት አሳዩ። ይኸው ካርፕለስ በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፣ የተሸለመው ግን በሌላ ሥራው ነው።

እንግዲህ ካሮቲኖይዱ ሰማያዊ ብርሃን ውጦ ኤስ-2 ላይ ወጣ እንበል። እዚያ የሚቆየው ከ100 እስከ 200 ፌምቶሴኮንድ ነው። አንድ ፌምቶሴኮንድ ሴኮንድን ለሚሊዮን ቢሊዮን ብንከፍላት የሚደርሰን ነው፤ በ100 ፌምቶሴኮንድ ውስጥ ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 30 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ጨለማው ኤስ-1 ይወርዳል፤ እዚያም ቢሆን ሉቲን የሚቆየው 14 ፒኮሴኮንድ ገደማ፣ ቤታ-ካሮቲን 10 ፒኮሴኮንድ ያህል ነው። አንድ ፒኮሴኮንድ 1,000 ፌምቶሴኮንድ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ ኃይሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ክሎሮፊል በአንጻሩ የነቃ ኃይሉን ለጥቂት ናኖሴኮንድ ይዞ ይቆያል፤ ከካሮቲኖይዱ ኤስ-1 ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

የተማሪዎችዎ የመጀመሪያ ግምት እዚህ ላይ ይወድቃል። መልሶ ለማብራት ጊዜ ያስፈልጋል፣ ካሮቲኖይድ ደግሞ ጊዜ የለውም። ቤታ-ካሮቲን ከሚወስዳቸው 10,000 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መልሶ የሚያበራው አንድ ያህል ቢሆን ነው። በዚህ መንገድ ክሎሮፊልን ልመግብ ቢል ዕፅዋቱ ምንም አያገኝም ነበር።

ታዲያ በምን ያቀብላል? ክራር የሚጫወት ተማሪ ካለዎት ይጠቅምዎታል። እኩል የተቃኙ ሁለት ክራሮች አቀራርበው ያስቀምጡና የአንዱን ክር ይምቱ፤ የሌላው አቻ ክር ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል። ቅኝቱ ካልገጠመ ግን ዝም ይላል። በካሮቲኖይድና በክሎሮፊል መካከል የሚሆነው ለዚህ ይቀርባል። የነቃው ካሮቲኖይድ ኤሌክትሮኖች ሲወዛወዙ በዙሪያቸው የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራሉ። አጠገቡ ያለው ክሎሮፊል በዚያው ኃይል ልክ መነቃቃት የሚችል ከሆነ መስኩ የእሱን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛቸዋል፣ ኃይሉም ወደዚያ ይዛወራል። ምሳሌው ጎዶሎ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፦ በክራሩ ድምፅ በአየር በኩል ይጓዛል፣ እዚህ ግን የሚጓዝ ፎቶን የለም። መስኩ ራሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል።

ይህን ዓይነት ዝውውር በቀመር ያስቀመጠው ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎርስተር ነው፣ በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ። በእሱ ቀመር መሠረት ፍጥነቱ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ የሁለቱ የኃይል መጠን በመግጠሙ፣ አንዱ ከሌላው አንጻር በተቀመጠበት አቅጣጫ፣ ከሁሉም በላይ በርቀታቸው። ርቀቱ በእጥፍ ቢጨምር ፍጥነቱ 64 ጊዜ ይቀንሳል። በቅጠል ውስጥ ግን ቀመሩን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። ቀመሩ ሁለቱን ሞለኪውሎች እንደ ሁለት ነጥብ ይቆጥራቸዋል፤ ካሮቲኖይድ ደግሞ 3 ናኖሜትር ገደማ የሚረዝም ሆኖ ከክሎሮፊሉ የሚለየው ግማሽ ናኖሜትር የማይሞላ ክፍተት ነው። እንዲህ ሲጠጋጉ ስሌቱ የሞለኪውሉን ሙሉ ቅርጽ ካልያዘ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ለ11ኛ ክፍል ይህን ማንሳት አያስፈልግም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፎርስተርን ቀመር ሲያገኝ እዚህም ላይ እንዳለ ሊጠቀምበት የሚሞክር ተማሪ ግን አይጠፋምና እርስዎ ቢያውቁት አይጎዳም።

ይህን ያህል መቀራረብ በአጋጣሚ አይመጣም። ሁለቱን ሞለኪውሎች አስጠግቶ፣ አቅጣጫቸውን አስተካክሎ የሚይዛቸው ፕሮቲን ነው። በምድራችን ላይ ካሉ የዕፅዋት ፕሮቲኖች በብዛቱ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠረው፣ ከፎቶሲስተም ሁለት (የተሰበሰበው የብርሃን ኃይል ለፎቶሲንተሲስ ሥራ ከሚውልበት ማዕከል) ጋር የሚሠራው የብርሃን አንቴና፣ ማለትም ብርሃን ሰብሳቢው ፕሮቲን ነው። የቻይና ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ያወጡትን ይህንን ፕሮቲን በክሪስታል መርምረው በ2004 ዝርዝር ቅርጹን አሳትመዋል። ሦስት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 14 ክሎሮፊል እና 4 ካሮቲኖይድ ይይዛል። ከአራቱ ሁለቱ ሉቲኖች ናቸው፤ በፕሮቲኑ መሐል ተሻግረው እንደ መስቀል ተጠላልፈው ተቀምጠዋል፣ ክሎሮፊሎቹም ዙሪያቸውን ይዘዋል። ካሮቲኖይዶቹን ያጣ ፕሮቲን በትክክል መታጠፍ እንኳ አይችልም፤ ስለዚህ ካሮቲኖይዱ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ምሰሶም ነው።

በዚህ አቀማመጥ ኃይሉ በሁለት መንገድ ሊያልፍ ይችላል። አንደኛው ገና ኤስ-2 ላይ እያለ፣ በዚያች ከ200 ፌምቶሴኮንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ በቀጥታ ወደ ክሎሮፊሉ ከፍተኛ ደረጃ መሻገር ነው። ሁለተኛው ወደ ኤስ-1 ከወረደ በኋላ ወደ ክሎሮፊሉ ዝቅተኛ ደረጃ ማለፍ ነው። ኤስ-1 ለብርሃን ዝግ ነው ብዬ ነበር፤ ለቅርብ ጎረቤት ግን ሙሉ በሙሉ ዝግ አይደለም፣ ምክንያቱም በዚህ ርቀት ላይ የሚሠራው የመላው ሞለኪውል ቅርጽ ነው። በመሬት ዕፅዋት ዋናው መንገድ የመጀመሪያው ነው። የሉቲን ኤስ-1 ከክሎሮፊል ዝቅተኛ ደረጃ ጋር በኃይል ሊስተካከል ምንም ያህል ስለማይቀረው ሁለተኛው መንገድ ብዙም ቁልቁለት የለውም።

አንዴ ክሎሮፊሉ ከተቀበለ ወዲያው ወደ ራሱ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወደ ካሮቲኖይዱ ኤስ-2 መመለሻ የለውም። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ። በ480 ናኖሜትር የተወሰደ ፎቶን ፎቶሲስተም ሁለት ጋ ሲደርስ የ680 ናኖሜትር ያህል ኃይል ብቻ ነው የሚቀረው፤ ወደ 30 በመቶው በመንገድ ሙቀት ሆኗል። ክሎሮፊል ራሱ ሰማያዊ ሲወስድም ይኸው ኪሳራ አለ፣ ስለዚህ የካሮቲኖይድ ጥፋት አይደለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ታሪክ እንዳይመስልዎ፣ ማስረጃው ከቲዎሪው ይቀድማል። በ1943 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ደተን፣ ዊንስተን ማኒንግና ቤንጃሚን ዱገር አንድ የዲያቶም ዝርያ ወስደው በተለያየ ቀለም ብርሃን አበሩበት። ዲያቶም በውኃ ውስጥ የሚኖር ባለአንድ ሕዋስ አልጌ ሲሆን ፉኮዛንቲን በሚባል ካሮቲኖይድ የተነሳ ቡናማ ነው። የለኩት ብርሃኑን ሳይሆን ክሎሮፊሉ መልሶ የሚያወጣውን ቀይ ፍሎረሰንስ ነበር። በአብዛኛው ፉኮዛንቲን የሚወስደው ብርሃን ሲበራበትም የሚያበራው ክሎሮፊል ሆነ፣ መጠኑም ክሎሮፊሉ በራሱ ከወሰደው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ብርሃኑን የወሰደው አንዱ፣ ያበራው ሌላው፤ ከዚህ የተሻለ የኃይል ዝውውር ማስረጃ አይገኝም። ዱገር በነገራችን ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውሬዮማይሲንን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የቴትራሳይክሊን ዘር አንቲባዮቲክ ያገኘ ሰው ነው።

ተቃራኒው ሙከራም ያንኑ ይመሰክራል። ቅጠሉን ፈጭተው ቀለሞቹን በአሴቶን ካወጧቸው ካሮቲኖይዱም ክሎሮፊሉም እዚያው ብልቃጥ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ካሮቲኖይዱ የወሰደው ብርሃን ክሎሮፊሉን አያስበራውም። ሞለኪውሎቹ ተበታትነዋል፣ በ14 ፒኮሴኮንድ ውስጥ የሚደርሱበት ጎረቤት የላቸውም። የጠፋው ፕሮቲኑ ብቻ ነው።

ሁሉም ካሮቲኖይድ እኩል ያቀብላል ማለት ግን አይደለም። ከወይን ጠጅ ባክቴሪያዎች (በብርሃን ኃይል ከሚኖሩ፣ መልካቸው ወይን ጠጅ ከሆነ ባክቴሪያዎች) የተገኘው ውጤት ለእኔ በዚህ ትምህርት ውስጥ ካሉት ሁሉ ግልጹ ነው። 9 ድርብ ቦንድ ያለው ኒውሮስፖሪን ከያዘው ኃይል ከ90 በመቶ በላዩን ያደርሳል። 11 ያለው ሮዶፒን ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል። 13 ያለው ስፒሪሎዛንቲን 30 በመቶ ገደማ ብቻ። ሰንሰለቱ ሲረዝም ኤስ-1 ዝቅ ይላል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ የኒውሮስፖሪን ከ20 ፒኮሴኮንድ በላይ ሲሆን የስፒሪሎዛንቲን 1.4 ፒኮሴኮንድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቀስ በቀስ ይዘጋል ማለት ነው።

ብርሃን በመሰብሰብ የካሮቲኖይድ ጌቶች ያሉት ግን ባሕር ውስጥ ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን ከላይ ከላይ ስለሚውጠው ጠለቅ ሲሉ የሚቀረው ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ክሎሮፊል ደግሞ በአረንጓዴው ላይ ደካማ ነው። ዲያቶሞችና ቡናማ አልጌዎች ፉኮዛንቲንን፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ደግሞ ፔሪዲኒንን በብዛት ያመርታሉ። ፔሪዲኒን ካርቦኖቹ 37 ናቸው፣ በሰንሰለቱም ላይ ኦክስጅን ያለባቸው ቡድኖች ተጨምረውበታል። እነዚህ ቡድኖች የሞለኪውሉን ሲሜትሪ ያበላሹታል፤ በዚህም ምክንያት ጨለማው ደረጃ የኤሌክትሪክ ጠባይ ያገኛል፣ ሁለተኛው መንገድ ወለል ብሎ ይከፈታል። አንድ የዳይኖፍላጀሌት ፕሮቲን በ1996 ቅርጹ ሲታይ በአንድ ክፍሉ 8 ፔሪዲኒን ለ2 ክሎሮፊል ተገኘ፤ በቅጠል ያየነው ሚዛን ተገልብጦ ማለት ነው። ኃይሉ በ3 ፒኮሴኮንድ ገደማ ያልፋል፣ ከ10 ፎቶን ወደ 9 ያህሉ ይደርሳል።

በዚህ ዓይን የመሬት ዕፅዋትን ስናይ የመማሪያ መጽሐፉ አባባል ትንሽ የተጋነነ ነው እላለሁ። በ450 እና 480 ናኖሜትር መካከል ክሎሮፊል ቢ ራሱ በደንብ ይወስዳል፤ ካሮቲኖይዱ በእርግጥ የሚጨምረው ከዚያ በላይ ያለችውን ጠባብ ክልል ነው። ኪት ማክሪ በ1972 ባሳተመው ጥናት 22 የሰብል ዓይነቶች ቅጠል ላይ በየቀለሙ ብርሃን ምን ያህል ፎቶሲንተሲስ እንደሚያስገኝ ለክቶ ነበር። ሰማያዊው ከቀዩ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ እዚያ ክልል ላይ ካሮቲኖይዶች ፎቶኑን ይሻሙና ከፊሉን በሙቀት ያባክኑታል። ለብርሃን መሰብሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጠል ለካሮቲኖይድ ይህን ያህል ባላወጣ ነበር።

ታዲያ ለምን ያወጣል? ካሮቲኖይዱ ኃይል ይዞ መቆየት አለመቻሉ እዚህ ላይ ጥቅም ሆኖ ይመጣል። ክሎሮፊል ኃይሉን ለናኖሴኮንዶች ይዞ መቆየቱ ለሥራው ጥሩ ነው፣ አደጋም አለው። ኃይሉን በጊዜ የሚረከበው ካጣ ከፊሉ ትሪፕሌት ወደሚባል ሌላ ሁኔታ ይዞራል፣ ስፒን የሚባለው የኤሌክትሮኑ መግነጢሳዊ ጠባይ ይገለበጣል ማለት ነው። ትሪፕሌት ክሎሮፊል ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ኦክስጅን ካገኘው ኃይሉን ለኦክስጅኑ ይሰጠውና ሲንግሌት ኦክስጅን ይፈጥራል። ይህ ነገር ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ሁሉ የሚያቃጥል ነው። ሲንግሌት ኦክስጅንን ለመፍጠር 0.98 ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል። የካሮቲኖይድ ትሪፕሌት ደግሞ ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ ካሮቲኖይዱ የክሎሮፊሉን ትሪፕሌት ይረከበዋል፣ ኦክስጅንን ለማስነሳት ግን አቅሙ አይደርስም፤ በጥቂት ማይክሮሴኮንድ ውስጥ በሙቀት ያስወግደዋል።

ልብ ይበሉ፣ በዚህ ጊዜ ኃይሉ የሚሄደው ከክሎሮፊል ወደ ካሮቲኖይድ ነው፣ ከብርሃን መሰብሰቡ በተገላቢጦሽ። መንገዱም ይለያል። የስፒን ጉዳይ ስለሆነ የመስክ ውዝዋዜው አይሠራም፤ ሁለቱ ሞለኪውሎች የኤሌክትሮን ደመናቸው መነካካት አለበት፣ አንድ ኤሌክትሮን ከዚህ ወደዚያ፣ ሌላው ከዚያ ወደዚህ በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ። ስለ ኤሌክትሮን የጠየቁዎት ተማሪዎች ከፊል እውነት የሚያገኙት እዚህ ነው፤ ሂሳቡ ሲተሳሰር ግን የሰጠም የተቀበለም የለም።

ይህ ጥበቃ ምን ያህል የሞት የሽረት ጉዳይ እንደሆነ በ1955 ሮጀር ስታኒየርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ አሳይተዋል። ካሮቲኖይድ መሥራት ያቃተው የወይን ጠጅ ባክቴሪያ አገኙ፤ መልኩ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኗል። ይህ ባክቴሪያ አየር በሌለበት በብርሃን በደህና ያድጋል። በጨለማም አየር ቢያገኝ ይኖራል። ብርሃንና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ግን ይሞታል። ብርሃን መሰብሰቡን በደንብ ችሎታል፣ የገደለው ጠባቂ ማጣት ነው። በእርሻም ይህንኑ የሚጠቀሙበት አሉ፦ ኖርፍሉራዞን የተባለው ፀረ አረም የካሮቲኖይድን ምርት ያቆማል፣ ከዚያ አዲሱ ቅጠል በፀሐይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ክሎሮፊሉን ራሱን አልነካውም፤ ያጠፋው ብርሃኑ ነው።

በአገራችን ሐይቆችም ይህ ሚዛን ይታያል። የጭቱን ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርገው ስፒሩሊና የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ ብርሃኑን በዋናነት የሚሰበስበው በክሎሮፊልና ፋይኮሳያኒን በሚባል ሰማያዊ ፕሮቲን ነው። ካሮቲኖይዶቹ በብዛት አሉ፣ ለአንቴናው የሚያቀብሉት ግን ጥቂት ነው፤ ዋና ሥራቸው መከላከል ነው። እሱን የሚመገቡት ፍላሚንጎዎች ደግሞ ካሮቲኖይዱን ለውጠው ላባቸውን ሮዝ ያደርጉበታል።

ቅጠል ደግሞ ጥበቃውን እንደ ፀሐዩ ያስተካክላል። ብርሃን ሲበዛ በታይላኮይድ (ፎቶሲንተሲስ በሚካሄድበት የክሎሮፕላስት ከረጢት) ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ይህ አንድ ኢንዛይም ያነሳሳና ባለ 9 ድርብ ቦንዱን ቫዮላዛንቲን በደቂቃዎች ውስጥ ባለ 11 ወደሆነው ዚያዛንቲን ይለውጠዋል። ዚያዛንቲን ሲከማች አንቴናው ትርፍ ኃይልን በሙቀት ወደሚያስወግድበት ሁኔታ ይዞራል። ዚያዛንቲኑ ኃይሉን በቀጥታ ይረከባል ወይስ የፕሮቲኑን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ብርሃኑ ሲቀንስ ሌላ ኢንዛይም መልሶ ቫዮላዛንቲን ያደርገዋል። በጥላ ሥር ያደገ የቡና ቅጠል የእነዚህ ካሮቲኖይዶች ክምችቱ በፀሐይ ካደገው ያነሰ ነው፤ ከጫካው ጥላ ድንገት ወደ ሜዳ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለክፍልዎ አንድ ነገር ልጠቁምዎ፣ ካሮቲኖይድ መልሶ እንደማያበራ ተማሪዎች በዓይናቸው የሚያዩበት ነው። ጥቂት የቆስጣ ቅጠል ከትንሽ አሸዋ ጋር ወቅጠው በአሴቶን ወይም በጠንካራ አልኮል ያውጡት። የተጣራውን አረንጓዴ ፈሳሽ በማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ ጫፍ ላይ በጠባብ መስመር ደጋግመው ይቀቡት፣ ያድርቁት፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ጫፍ አልኮል ውስጥ ነክረው ያቁሙት። አልኮሉ ወረቀቱን እየወጣ ሲሄድ ቢጫው ከአረንጓዴው ቀድሞ ከፊት ጠርዝ አካባቢ ይሰበሰባል። መለያየቱ እንከን የለሽ አይሆንም፣ ለዚህ ግን ይበቃል። ክፍሉን አጨልመው ሱቆች የብር ኖት በሚመረምሩበት ወይን ጠጅ መብራት ያብሩበት፦ አረንጓዴው ክፍል ደማቅ ቀይ ሆኖ ሲያበራ ቢጫው ጠርዝ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። እዚህ ያለው የክሎሮፊል ቀይ ብርሃን ከካሮቲኖይድ የተቀበለው ነው ብለው እንዳይደመድሙ ይንገሯቸው፤ የመብራቱን ብርሃን ክሎሮፊል ራሱም ይወስደዋል። አሴቶንና አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ እሳት አይቅረብ፣ መስኮቱም ይከፈት፤ ወረቀቱንም እርጥብ እያለ ያሳዩ፣ ሲደርቅ ቀዩ ይደክማል።